ከጋቭዶስ ወዲህ የአንድ ሰዓት ዝምታ

…ጭራሽ ዝም፣ ማዳመጫውን ጆሮዬ እስኪቀላ ተጭኜዋለሁ፣ ባሕሩ ግን የራሱን ትንፋሽ ብቻ ነው የሚያሰማኝ፣ ሽሽሽ፣ ሌላ የለም፣ አንዲት ጠቅታ እንኳ የለችም፣ ሰዓቱ አሥራ አንድ ከአምስት ይላል፣ ሃምሳ አምስት ደቂቃ ሆነ ማለት ነው፣ አምስት ቀራት፣ አምስት ደቂቃ ካለፈ የብሱ ላይ ያለው ኮምፒውተር ቀዩን ክብ ከካርታው ያጠፋዋል፣ ዓሣ ነባሪዎቹ ሄደዋል ይላል፣ መንገዱ ነፃ ነው ይላል፣ መንገዱን ደግሞ የሚፈልገው አለ፣ ኦሌስያ፣ ኮንቴይነር እንደ ሸክላ የደረደረች መርከብ፣ ከምዕራብ ከማልታ በኩል፣ አንድ ሰዓት በማይሞላ ርቀት ላይ፣ ወደኛ።

ወደኛ አይደለም። ወደነሱ።

ማኑሶ፣ አለኝ ኖኔ ከኋላ፣ እንዴት ነው ነገሩ፣ ዝም በል እስቲ ኖኔ፣ ዝም ብያለሁ እኮ፣ መጠየቅም ክልክል ሆነ፣ ኖኔ የክርስትና አባቴ ነው፣ ስሙ አናግኖስቲስ፣ ጀልባዋ የሱ ናት፣ ሰባ አንድ ዓመቱ፣ ቄሱ ገንዳ ውስጥ ሲነክሩኝ በፎጣ የተቀበለኝ እሱ ነው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአንዱ ውሃ ወደ ሌላው እያወጣኝ አለ፣ ዛሬ እጁ ባዶ ነው፣ አውራ ጣቱ አየሩን ይቆጥራል፣ አንጀቴን ይበላኛል፣ መቁጠሪያውን ነጥቄው ኪሴ ከትቼዋለሁ፣ በምትኩ የዱባ ፍሬ ሰጥቼዋለሁ፣ እሱንም በጥርስህ ቀስ ብለህ ስበር ብዬዋለሁ።

ያለፈው ሐሙስ። አታንሳው። ግን ይነሳል፣ በገዛ ራሱ እየተነሳ ይመጣል፣ ሦስት ቢጫ ተንሳፋፊዎች አሉን እዚህ ጥልቁ ላይ፣ እያንዳንዱ መቶ ሜትር ታች ድረስ ጆሮ፣ የውሃ ውስጥ ማይክራፎን፣ ያንጠለጥላል፣ ዓሣ ነባሪው ታች ሆኖ ጠቅ ሲያደርግ ድምፁ አንዱ ጋ ቀድሞ ሌላው ጋ ዘግይቶ ይደርሳል፣ ኮምፒውተሩ ከዚያች መዘግየት ቦታውን ያወጣል፣ በደቂቃዎች ውስጥ መልእክት ለመርከቦቹ፣ ከዚህ እስከዚህ አሉ፣ ዙሩ ወይ ቀስ በሉ፣ ሦስተኛው ተንሳፋፊ ባትሪው ሞቶ ወደብ ላይ ተፈትቶ ተቀምጧል፣ እስኪመለስ ድረስ ሦስተኛው ጆሮ እኛ ነን፣ እኔና ኖኔ እና ይቺ አሮጌ የእንጨት ጀልባ፣ ያለፈው ሐሙስ ገመዱ ተወሳስቦብኝ ጆሮውን ሙሉ አላወረድኩትም፣ ከጀልባዋ ሆድ ሦስት ሜትር ቢወርድ ነው፣ ኋላ እፈታዋለሁ አልኩ፣ ከዚያ ሰማሁ፣ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ጠቅ፣ ጥርት ያለ፣ ቅርብ፣ እንዴት ልቤ እንደዘለለች፣ ደወልኩ፣ አለ አልኩ፣ እዚሁ አጠገባችን ነው አልኩ፣ ዓሣ ነባሪዎቹን የምታጠናው፣ የብሱ ላይ ኮምፒውተሩ ጋ ያለችው ዶክተር መልእክቱን ላከች፣ ኦሌስያ፣ ይቺው ኦሌስያ፣ በየሐሙሱ የምታልፈው፣ አምስት ማይል ዞረች፣ ማግስቱን ዶክተሯ ቅጂውን ስታዳምጠው ከጠቅታው ኋላ አንድ ሽማግሌ ያንጎራጉራል።

መቁጠሪያ። የኖኔ መቁጠሪያ ከጀልባዋ ጠርዝ ጋር እየተላተመ። ለጸሎት እንኳ አይደለም፣ ለእጅ ሥራ ፈትነት ነው።

ቡና ቤቱ በር ላይ ስደርስ ገና፣ ማኑሶ፣ ዓሣ ነባሪህ ስንት ዶቃ አለው፣ ሌላው ደግሞ ከጥግ፣ ተዉት ልጁን እናንተ፣ ዓሣው መንኩሶ ነው፣ ሙድ ያዙብኝ፣ ይያዙ፣ መንደሬ ውስጥ ከዚህ በፊትም ስሜ ማኑሶ ውሸታሙ ነበር፣ አልዋሽም፣ ውሸታም ነበርኩ፣ በአሥራ አምስት ዓመቴ ከትምህርት ቤት ወጥቼ ለቱሪስት የባሕር ወንበዴ ሳንቲም እሸጥ ነበር፣ ሳንቲሙን የምናሳርረው የአጎቴ ልጅ ጋራዥ ውስጥ ነው፣ ኖኔ ያኔ ይለኝ ነበር ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል፣ እኔ ደግሞ እስኪቀል ድረስ ማን ያድራል፣ ቱሪስቱ በማግስቱ ይሄዳል።

ዶክተሯ ግን አልሳቀችም። እሱ ነው የባሰኝ። ብትስቅ ይሻለኝ ነበር። ደብዳቤውን ብቻ አነበበችልኝ፣ የመርከቡ ባለቤቶች የጻፉትን፣ ድርጅታችን ለባሕር እንስሳት ደኅንነት ያለውን ቀና አመለካከት እያረጋገጠ፣ የመርከቦቻችን የጉዞ መስመር ያለ በቂ ማስረጃ እንዲቀየር የሚደረግበት ሁኔታ በድጋሚ ከተከሰተ ግን በፈቃደኝነት የምናደርገውን ተሳትፎ ለማቋረጥ የምንገደድ መሆኑን በአክብሮት እንገልጻለን፣ በአክብሮት፣ እስቲ አሁን በአክብሮት የሚለው ምን ይሠራል እዚያ ውስጥ፣ ሲፈታ ምን ማለት ነው አልኳት፣ ሲፈታ አንድ ዕድል አለን ማለት ነው አለች፣ አለን አለች፣ አለህ አላለችም።

ኖኔ ፍሬውን ይሰብራል፣ ቅርፊቱን እንዳይተፋው እጁ ላይ ይሰበስበዋል፣ ውሃው ለጥ ብሏል፣ ዘይት የፈሰሰበት ይመስላል፣ ነፋስ የለም፣ ደሴቲቱ ጋቭዶስ በስተምሥራቅ ከኋላችን ትንሽ ጭስ መስላ ተኝታለች፣ ምዕራቡ በኩል ፀሐይዋ አጋድላ ባሕሩን ሙሉ መስተዋት አድርጋዋለች፣ ወደዚያ ማየት አይቻልም፣ ዓይንህን ይቆርጥሃል፣ የመጨረሻው ድምፅ ደግሞ የመጣው ከዚያ በኩል ነው፣ የት አባቱ፣ ሁሉም ነገር ዛሬ ከዚያ በኩል ይምጣ ያለው ማነው።

ሁለት ደቂቃ።

ሲጮኹ አትፍራ፣ ዝም ሲሉ ነው መፍራት ያለብህ፣ ዶክተሯ የመጀመሪያ ቀን ያስተማረችኝ ይሄንን ነው፣ አልገባኝም ነበር፣ ጠቅ ጠቅ ሲል አንድ ሺህ ሜትር ታች ነው ያለው፣ በጨለማው ውስጥ በድምፁ ምግብ ይፈልጋል፣ መርከብ ቢያልፍ ጣሪያው ላይ እንደሚያልፍ ነው፣ ዝም ካለ እየወጣ ነው ወይም ወጥቷል፣ ላይ ነው፣ ይተነፍሳል፣ ያርፋል፣ መርከብ የሚያገኘው እዚያ ነው፣ መሣሪያው ግን የሚሰማው ጩኸቱን ብቻ ነው፣ ደኅና ሲሆኑ ይሰማቸዋል አደጋ ላይ ሲሆኑ ይጠፉበታል፣ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ላይ ቆይተው ተመልሰው ይወርዳሉ፣ እንደገና ጠቅ፣ ስለዚህ ኮምፒውተሩ አንድ ሰዓት ይጠብቃል፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ዝም ያለ የለም፣ ሄዷል፣ ይላል።

ካልተኛ በቀር።

ይተኛሉ እኮ። ከሰዓት በኋላ ይሰበሰቡና ይተኛሉ፣ እንደኛ፣ በዚህ ሰዓት በባሕር ዳሩ ሁሉ መስኮት ተዘግቶ ሰው አንሶላ ላይ ተዘርግቷል፣ እኔ ብቻ ነኝ የማልተኛው፣ ከልጅነቴም አልተኛም፣ እናቴ አልጋው እሾህ አለው ወይ ትለኝ ነበር፣ መምህሩም ዝም በል ማኑሶ፣ ተቀመጥ ማኑሶ፣ እና አሁን ይኸው፣ ዝም ብዬ ተቀምጬ ዝምታ ነው የማዳምጠው፣ ደሞዜ ይሄ ነው ብላቸው መንደሩ ሌላ ቀልድ ያገኛል።

አሥር ሰዓት ከአሥር ላይ የሰማሁት ምንድነው። እሱ ነው ነገሩ። የመጨረሻዎቹ ጠቅታዎች እየሳሱ መጡ፣ ከዚያ ቆመ፣ ከዚያ ትንሽ ቆይቶ፣ ጠቅ ጠቅ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ሦስት እና ዘግየት ብሎ አንድ፣ ደግሞ፣ ጠቅ ጠቅ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ይሄ የአደን አይደለም፣ የዚህ ባሕር ዓሣ ነባሪዎች ሲገናኙ የሚባባሉት ነው፣ አለሁ፣ አለሽ፣ ደኅና ዋላችሁ ነገር፣ ዶክተሯ ከቅጂ አሰምታኝ ታውቃለች፣ ሲሰናበቱ አይሉትም፣ ሲሰበሰቡ ነው የሚሉት፣ ስለዚህ አልሄዱም፣ ተሰብስበዋል፣ ስለዚህ ላይ ናቸው፣ ስለዚህ ተኝተዋል፣ ስለዚህ ስለዚህ ስለዚህ፣ የጋራዡንም ሳንቲም እንዲህ ነበር የምሸጠው፣ አንድ ስለዚህ በሌላ ስለዚህ ላይ።

ቆይ።

ኖኔ፣ አሥር ሰዓት ላይ ምን ትሠራ ነበር፣ መች፣ አሥር ሰዓት ከአሥር ገደማ፣ ምን እሠራለሁ ልጄ መቁጠሪያዬን ወስደህብኝ፣ በላሁ፣ ምን በላህ፣ ደረቁን ዳቦ በቲማቲም፣ ቲማቲሙን በምን ቆረጥከው፣ በቢላ ነዋ በጥርሴ ልቁረጠው፣ የት ላይ፣ እዚህ ጠርዙ ላይ፣ አለና ራሱም ደነገጠ፣ ቢላው ከተቀመጠበት ያየኛል፣ ትንሽ ቢላ፣ ስለቱ የሳሳ፣ እናቴ ድረሺ፣ ጠቅ ጠቅ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ሦስት ቁራጭ እና አንድ፣ ላቤ ከጀርባዬ ወርዶ ቀበቶዬ ላይ ቆመ።

አሁንም ቁረጥ አልኩት። ምን፣ ቲማቲም ቁረጥ፣ ያኔ እንደቆረጥከው፣ ጠግቤያለሁ፣ ኖኔ ስለ ማርያም ብለህ ቁረጥ፣ ማዳመጫውን ጫንኩት፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ቆረጠ፣ ጠብ ይላል፣ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ ደብዛዛ ነው፣ ዛሬ ጆሮው መቶ ሜትር ታች ስለሆነ ከሩቅ ነው የሚመጣው፣ እንጨት እንጨት ይላል፣ የኛ እንጨት፣ ያኛው እንጨት አልነበረውም፣ ያኛው ድንጋይ በድንጋይ ነበር፣ ደግሞ ኖኔ አያቆምም፣ ሦስት ቆርጦ አያቆምም፣ አራተኛው ላይ አይዘገይም፣ ምነው ለምን አታቆምም አልኩት፣ ቲማቲም ቁረጥ አልከኝ ቆረጥኩ፣ ቲማቲም እስኪያልቅ ነው የሚቆረጠው አለኝ፣ ጉንጩን ሳምኩት፣ በላብ የጨቀየ ጉንጭ፣ ሂድ ወዲያ አለኝ፣ አበደ ይሄ ልጅ።

እርግጠኛ ነኝ? ነኝ። ማለት ነበርኩ ያለፈው ሐሙስም።

ስልኩ። እሷ ናት፣ አንድ ደቂቃ ቀራት ማኑሶ አለች፣ ድምፁ ቡጭቅ ቡጭቅ ይላል፣ በዚህ ኔትወርክ ድምፅ ቢያልፍ ነው፣ ቅጂ ከዚህ አይላክም፣ እኔ ራሴ ነኝ ቅጂው፣ ሰማህ ወይ፣ አልሰማሁም ዶክተር፣ አየህ ወይ፣ አላየሁም፣ ፀሐዩ አያሳይም፣ እሺ፣ አለች፣ እሺዋ ውስጥ ክቡ ሲጠፋ ተሰማኝ፣ ቆይ ቆይ፣ አልኩ፣ አሥር ሰዓት ከአሥር ላይ ሦስት እና አንድ ሰምቻለሁ፣ ሁለት ጊዜ፣ ዶክተሯ ካሊርሮኢ ትባላለች፣ በስሜ ጥራኝ ብላኛለች አፌ ግን እምቢ ይላል፣ መቁጠሪያው የት ነው አለች፣ ኪሴ ውስጥ፣ ሌላስ የሚንኳኳ ነገር፣ ቢላ ነበር፣ ቲማቲም ሲቆረጥ ነበር፣ ፈትኜዋለሁ አይመሳሰልም፣ ይሄንን ባልነግራትስ፣ ማን ያውቃል፣ ግን ወጣ ከአፌ፣ ሞኝ፣ ቲማቲሙን ማን አስወራህ፣ እርግጠኝነትህን በቁጥር ንገረኝ አለች፣ ከአሥር ስንት፣ ስምንት ልል ነበር፣ ሰባት አልኳት።

እና ያኔ ስለዚያ ሰባት ሳስብ፣ የካቲት ላይ የሞተው ዓሣ ነባሪ መጣብኝ፣ እኛ መንደር ሥር ማዕበል ጠጠሩ ላይ ያወጣው፣ አሥራ አንድ ሜትር፣ ሰው ሁሉ ፎቶ ያነሳል፣ እኔ ማልጄ ፒንሳ ይዤ ወርጄ ነበር፣ ጥርሱን ልነቅል፣ ጥርሱ ጥሩ ዋጋ ያወጣል፣ አፉ ውስጥ ክንዴ ድረስ ገብቼ ሳለሁ ከኋላዬ ሴት ድምፅ፣ እሱን ከምትነቅል ይቺን ያዝልኝ፣ ዞርኩ፣ ዶክተሯ ናት፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ጫፉን ይዛ ትጠብቀኛለች፣ ፖሊስ አልጠራችም፣ ጎኑ ላይ ሰባት ቁርጥ ነበር፣ እንደ ዳቦ፣ እኩል እኩል፣ የመርከብ መዘውር የቆረጠው፣ በቁርጥና በቁርጥ መሃል ያለውን ለካ አለችኝ፣ ለካሁ፣ ድምፅህን ከፍ አድርገህ ጥራው፣ ጠራሁ፣ ስድሳ አንድ፣ ስድሳ፣ ስድሳ ሁለት፣ ስድሳ፣ ሳይነቃ ነው የሞተው ብላ ጻፈች፣ በዚህ ባሕር ሁለት መቶ ቢቀሩ ነው አለች፣ አንድ መቶ ዘጠና ዘጠኝ አልኳት፣ ያኔ ነው መሰለኝ የቀጠረችኝ።

እይዘዋለሁ አለች በስልኩ። እስከ አሥራ ሁለት ተኩል ክቡን በእጄ እይዘዋለሁ። መርከቧ ግን ትጠራሃለች፣ ማረጋገጫ ይፈልጋሉ፣ ምን ትላቸዋለህ፣ ምን ልበል፣ የሰማኸውን እና ያላየኸውን፣ ሌላ እንዳትጨምር ማኑሶ፣ አንድ ቃል እንዳትጨምር፣ ተቋረጠ።

ሞተር ላስነሳ ወይ አለ ኖኔ፣ ጠጋ ብለን እንያቸው፣ አይሆንም ጭንቅላታቸው ላይ ልንወጣ ነው፣ የት እንዳሉ መች አወቅን፣ እጄን ግንባሬ ላይ አድርጌ ወደ መስተዋቱ አያለሁ፣ ብር፣ ብር ብቻ፣ አንዳንዴ ጥቁር ነገር ያለ ይመስለኛል፣ ዓይኔን ስጨፍነውም ያው ጥቁር ነገር አለ፣ ጥላ ናት፣ የፀሐይዋ ጠባሳ፣ ኖኔ ኮፍያውን ደፍቶ እሱም ያያል፣ ወጣት ሳለሁ ይላል፣ መረቤን የሚበሉብኝ እነሱ ይመስሉኝ ነበር፣ ድንጋይ እወረውርባቸው ነበር፣ ታገኛቸው ነበር ወይ፣ ኧረ የት፣ እንደ አንተ ነበርኩ ዓይኔ እንጂ እጄ አይደርስም ነበር፣ ይስቃል፣ እዚያ ከብሩ ጫፍ በላይ ደግሞ ሌላ ነገር፣ ትንሽ ሳጥን፣ ጨለም ያለች፣ ከአድማሱ ላይ የተቀመጠች፣ ኦሌስያ፣ ፊት ለፊት፣ ሁለቱንም ጎኗን እኩል ካየህ ወዳንተ ነች፣ እኩል ነው የማየው።

ሬዲዮው ተንጫጫ። ትንሿ ጀልባ፣ ትንሿ ጀልባ፣ ኦሌስያ ነኝ፣ ድምፁን አወቅኩት፣ ሁለተኛ መኮንኑ፣ ከባቱሚ ነኝ ብሎኝ ነበር ያለፈው ሐሙስ፣ እንግሊዝኛችን የሱም የኔም የተሰባበረ ነው፣ ስብርባሪው ግን ይገጣጠማል፣ ትንሿ ጀልባ እዚህ ነኝ አልኩ፣ መልእክት ደርሶኛል አለ፣ በስተደቡብ አምስት ማይል ዙር ይላል፣ ያለፈው ሐሙስ የነበርከው አንተ ነህ፣ እኔው ነኝ፣ ደብዳቤውን ካፒቴኑ ቁርስ ላይ አንብቦልናል አለ፣ ምግብ አብሳያችን እስካሁን ይስቃል፣ ይሳቅ አልኩት፣ ዛሬስ ምን ትሰማለህ ወዳጄ፣ ምንም፣ ምንም? ምንም አልሰማም፣ አንድ ሰዓት አለፈው፣ እ፣ አለ፣ ታዲያ ታያለህ።

ታያለህ አለኝ፣ አንዲት ቃል ናት፣ አዎ፣ አዎ ካልኩ አለቀ ይዞራል፣ ማን ያጣራል፣ ባሕር ላይ ማን ያጣራል፣ ሦስት አየሁ ልበል፣ ሦስት ጥሩ ቁጥር ነው ብዙም አይደለም፣ አንዷ ጭራዋ የተተለተለ ልበል፣ እንዲህ ዓይነት ትንሽ ነገር ጣል ስታደርግበት ውሸት እግር ያወጣል፣ የማውቀው ሥራ ነው፣ አሥር ዓመት የኖርኩበት፣ ለሳንቲሙ እንኳ ዝገት እንቀባው ነበር፣ ምላሴ ላይ ተቀምጧል፣ ሞቅ ብሎ፣ ደግሞስ እነሱን ለማዳን አይደለም ወይ፣ ለበጎ ነው፣ እግዜር ራሱ ይረዳኛል፣ እሺ እና ተኝተው ካልሆነስ፣ ሄደው ከሆነስ፣ ይሄ ሰውዬ ሲያልፍ ባዶ ውሃ ያይና፣ ከዚያ በኋላ እሷ ምን ብትልክ ማን ይሰማታል፣ እሷ በእጇ ይዛዋለች ክቡን፣ ሌላ አንድ ቃል እንዳትጨምር፣ እውነቱን ከተናገርኩ ደግሞ ለምን ይዞራል፣ እኔ ብሆን አልዞርም፣ ለሰባት ከአሥር ማን ይዞራል፣ ጎኑ ላይ ሰባት፣ ስድሳ አንድ ስድሳ ስድሳ ሁለት።

አላየሁም፣ አልኩት።

ኖኔ ፍሬውን መስበር አቆመ።

ስማኝ ወዳጄ አለ የባቱሚው ሰው፣ ድምፁ አልተቆጣም፣ ደክሞታል እንጂ፣ ያለፈው ሐሙስ በድምፅ አዞርከኝ፣ ዛሬ በዝምታ ልታዞረኝ ነው፣ የሚመጣው ሐሙስ በምን ልትመጣ ነው፣ ልስቅ አልኩ አልቻልኩም፣ እንዲህ ነው አልኩት፣ ሲጮኹ ታች ናቸው፣ ያኔ ብታልፍም ምንም የለም፣ ዝም ሲሉ ነው ላይ ያሉት፣ አንድ ሰዓት በፊት ሲሰበሰቡ የሚያሰሙትን ሰምቻለሁ፣ ከዚያ ወዲህ ዝም፣ ተኝተዋል ነው የምለው፣ ሰው ሲተኛ የመኪና ጥሩንባ እንኳ አይሰማም አይደል፣ ልሳሳት እችላለሁ፣ ያለፈው ሐሙስ ተሳስቻለሁ፣ ዛሬ ከአሥር ሰባት ነኝ፣ ይኸው ነው ያለኝ፣ ሌላ ቢኖረኝ እሰጥህ ነበር።

ሽሽሽ። ሬዲዮውም እንደ ባሕሩ።

ከዚያ፣ ካፒቴኑ ተኝቷል አለ፣ በራሴ ሥልጣን ሦስት ማይል መዞር እችላለሁ፣ ለአምስት ልቀሰቅሰው ነው፣ ቀስቅሼው ምን ልበለው፣ ሰባት ከአሥር? አትቀስቅሰው አልኩት፣ ሦስት ይበቃል ወይ፣ አላውቅም፣ አምስት ይሻላል፣ ሦስት ደግሞ ከምንም ይሻላል፣ ሰባት ከአሥር አለ ለራሱ፣ እኔ ገበያ ላይ ሐብሐብ ስገዛ እንኳ ዘጠኝ ካልሆንኩ አልገዛም፣ ሐብሐብ ሻጭም ነበርኩ አልኩት፣ ዘጠኝ ነው ያለህ ሁሉ ዋሽቶሃል፣ ሳቀ መሰለኝ፣ ወይም ሬዲዮው ነው የተንጫጫው፣ ተጠባበቅ አለ፣ ጠፋ።

እና እንግዲህ ይሄ ነው፣ መጠበቅ፣ የማልችለው ነገር ይሄ ነው፣ እጄን ከየት አግብቼ ከየት ላውጣ፣ ኪሴ ውስጥ ዶቃዎቹ አሉ፣ አልነካቸውም፣ ማዳመጫውን መልሼ አደረግኩ፣ የሷ ሞተር ይሰማል አሁን፣ ኦሌስያ፣ ከሩቅ፣ ድም ድም ድም፣ በውሃ ውስጥ ድምፅ እንዴት እንደሚሮጥ፣ እየቀረበ ነው፣ እነሱስ አይሰሙትም ወይ፣ ዶክተሯን ጠይቄያት ነበር፣ ይሰሙታል፣ ቀኑን ሙሉ ሌሊቱን ሙሉ ይሰሙታል፣ መንገድ ዳር ቤት ያለው ሰው መኪና ሲያልፍ ይነቃል ወይ፣ ሳጥኗ አደገች፣ ኮንቴይነሮቹ ቀለማቸው ተለየ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ሁለቱ ጎኖች እኩል፣ አሁንም እኩል፣ ኖኔ አጠገቤ መጥቶ ቆሟል፣ ትከሻው ትከሻዬን ይነካል፣ ቲማቲም ይሸታል፣ ውሃ ጠጣ አለኝ፣ አልፈልግም፣ ጠጣ ከንፈርህ ነጣ፣ ጠጣሁ፣ ሞቃት ውሃ፣ የፕላስቲክ፣ እኩል፣ እኩል ነው፣ አልዞረም፣ ልክ ነው ለምን ይዞራል፣ እኔም አልፈርድበት፣ መሃላቸው ብትገባ አይሰማትም እኮ፣ ያቺን የምታህል መርከብ አትንቀጠቀጥም፣ ቡናው ከጠረጴዛው አይፈስም፣ ወደብ ሲደርሱ ነው የሚያዩት፣ ካዩት፣ ሞተር እናስነሳ ኖኔ፣ እኛ ፊቷ እንግባ፣ ምን ልታደርግ ልጄ በጀልባ ልታቆማት፣ አላውቅም፣ ቁም እስቲ አለኝ፣ ተመልከት፣ ግራ ጎኗን ተመልከት።

ግራ ጎኗ።

ቀጭን መስመር፣ ክር የምታህል፣ ከዚያ ጣት፣ ከዚያ እጅ፣ የግራ ጎኗ እየተከፈተ ነው፣ ከቀኙ በለጠ፣ ቀኙ ጠፋ፣ ዞረች፣ ወደ ደቡብ እየዞረች ነው፣ እንዴት ቀስ ትላለች፣ ሰው ከአልጋ ሲገላበጥ እንኳ ከዚህ ይፈጥናል፣ ስሟ መሆን ያለበት ነጭ ጭረት በጥቁር ላይ ታየኝ፣ ኖኔ አማተበ፣ እኔ አላማተብኩም፣ ገና ነው፣ ዞረ ማለት አሉ ማለት አይደለም፣ አሁን ነው የባሰው፣ አሁን ባዶ ከሆነ ለባዶ ነው የዞረው፣ በኔ ቃል፣ ሦስት ማይል ርቀት ላይ ትልቁ ጎኗ በሙሉ እያለፈ፣ ፀሐይዋ ከኋላዋ፣ ብሩ እንዳለ ነው፣ ምንም አይታየኝም፣ አንድ ነገር አሳዩኝ እባካችሁ፣ አንድ ትንፋሽ፣ አንድ ጭራ፣ ከዚያ ተኙ፣ ጀልባዋ ጥቂት ተንገዋለለች፣ የመርከቧ ማዕበል ገና አልደረሰም፣ ሌላ ነገር ነው ወይስ የኖኔ እግር ነው፣ ሬዲዮው ጠቅ አለ፣ ዘለልኩ።

ትንሿ ጀልባ፣ አለ የባቱሚው ሰው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቤተ ክርስቲያን የገባ ይመስል፣ ፀሐይዋ ፊትህ ሆና ነው የማታያቸው፣ ለኔ ከኋላዬ ናት፣ መነጽሩ ውስጥ ናቸው፣ ካንተ በስተምዕራብ ግማሽ ማይል ቢሆን ነው፣ ሰባት፣ አይ ስምንት፣ አንዱ ትንሽ ነው፣ ከእናቱ ጎን ተለጥፏል፣ ምንም አይነቃነቁም፣ በነበርኩበት መንገድ መጥቼ ቢሆን ኖሮ፣ ተወው፣ አሁን ሬዲዮህን ቀንሰው፣ ሞተርም እንዳታስነሳ፣ ይተኙበት።